ሃይስኩል ላለ ልጃችሁ የሆስፒታል ኢንተርንሺፕ

አገር ቤት ሐኪም የሚሆነው ልጅ የሚለየው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሆስፒታልን የሚያውቀው ሲታመም ወይም የታመመ ሊጠይቅ ሲሄድ ብቻ ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ገና አሥረኛ ክፍል ያለ ልጅ የሆስፒታል ባጅ አንጠልጥሎ ሥራውን በዓይኑ ማየት ይችላል። ይህን ሳያውቁ ልጆቻቸውን ያስመረቁ ብዙ ወላጆች በዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አውቃለሁ። እኔም አንዷ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ዕድሉ አመለጠው። የነቃሁት በሁለተኛዋ ነው።

ኢንተርንሺፕ ከሚባሉት የሥራ ልምምድ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በተለይ የሚፈልጉት ዘመድ ሐኪም የሌላቸውን፣ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ልጆችን ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ላሉ እንዲህ ዓይነት ተማሪዎች ከ1988 ጀምሮ በሰመር ነፃ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም አለው። አንዳንዱ ፕሮግራም ደመወዝ ይከፍላል። አንዳንዱ የበጎ ፈቃድ ነው፤ እሱም ቢሆን አይናቅም። ሜሪላንድ ሃይስኩል ለመጨረስ 75 ሰዓት፣ ዲሲ ደግሞ 100 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠየቃል። ሰዓቱ የግድ ከሆነ ሆስፒታል ቢሞላው አይሻልም?

ማመልከቻው ላይ የቤተሰብ ገቢ ይጠየቃል። ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ገመናችንን ለምን እናወጣለን ብለን ባዶ እንተወዋለን። ትምህርት ቤት የሚልከውንም የነፃ ምሳ ፎርም «ልጃችንን ማብላት አያቅተንም» ብለን እናስቀምጠዋለን። እባካችሁ ሙሉት። ብዙ ፕሮግራሞች ገቢያችሁን የሚያረጋግጡት ልጁ ነፃ ምሳ እንደሚያገኝ አይተው ነው። እኔ ያንን ፎርም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልሞላ ቀርቻለሁ። የጎዳሁት ግን ልጄን ነው። የወላጅ ትምህርትም ሲጠየቅ፣ ከኮሌጅ የተመረቃችሁ ከሆናችሁ ዲግሪያችሁ የኢትዮጵያ ነው ብላችሁ አትደብቁ፤ እውነቱን ጽፋችሁ መስፈርቱን ጠይቁ።

ጊዜውን ልብ በሉ። የሰመር ሥራ ማመልከቻ በአብዛኛው የሚከፈተው በብርዱ ወራት፣ ከጃንዋሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። ትምህርት ሲዘጋ መፈለግ ከጀመራችሁ ረፍዷል። ዲሲ የምትኖሩ ከሆነ ከተማው ከ14 እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች በቀድሞ ከንቲባው በማሪዮን ባሪ ስም የሚጠራ የሰመር ሥራ ፕሮግራም አለው። ልጃችሁ የሥራ ፍላጎቱን ሲጽፍ ጤናን ያስቀድም።

ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነና ደመወዝ የሚከፈለው ከሆነ ዲሲም ሜሪላንድም ወርክ ፐርሚት ይጠይቃሉ። ይሄ ለታዳጊዎች የሚሰጥ ወረቀት ነው፤ ከኢሚግሬሽኑ የሥራ ፈቃድ ጋር አታምታቱት። 14 እና 15 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት፣ በትምህርት ሳምንት ከ18 ሰዓት በላይ እንዲሠራ ሕጉ አይፈቅድም። ስለዚህ «ትምህርቱን ያበላሽበታል» ብላችሁ አትስጉ።

ከዚያ የጤና ወረቀት ይመጣል። ለቪዛ ስትመረመሩ የተሰጣችሁን የክትባት ወረቀት አትጣሉት፤ ሆስፒታሉ ይፈልገዋል። የቲቢ ምርመራም አለ። አገር ቤት የተወለዱ ልጆች አብዛኞቹ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ተከትበዋል፣ ክንዳቸው ላይ ጠባሳው አለ። በዚህ ምክንያት ክንድ ላይ ተወግቶ የሚነበበው ምርመራ ቲቢ ሳይኖር አለ ሊል ይችላል። የደም ምርመራውን ግን ቢሲጂ አያሳስተውም። ስለዚህ ሐኪሙን በደም እንዲመረመር ጠይቁ። የደሙም ውጤት ፖዘቲቭ ቢሆን አትደንግጡ። የደረት ራጅ ይነሳል። በሽታው ያልተነሳ፣ ሰውነት ውስጥ የተኛ ቲቢ ከሆነ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፣ በመድኃኒትም ይታከማል።

ኢንተርቪው ላይ ልጆቻችንን የሚጎዳቸው ጨዋነታቸው ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። ስለራሳቸው ሲጠየቁ መኩራራት ይመስላቸዋል። ቤት ውስጥ አለማምዷቸው። አያቷን ስታስታምም የከረመች ልጅ ያንን ብትናገር ጉራ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ልጃችሁ ሆስፒታል ሲገባ ሂፓ ስለሚባለው የ1996 ሕግ ይማራል። የታካሚን ምስጢር ለማንም፣ ለእናቱም ቢሆን አይናገርም ማለት ነው። ልጄ አንድ ቀን ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። «ማንን አየሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እናት ተኝተው ነበር። ለእኛ የታመመ መጠየቅ ግዴታ ነው። ሰምቶ አለመሄድ ያስወቅሳል። ልጄ ግን አይታ መናገር አትችልም ነበር፣ ትክክልም ነበረች። እኚያ እናት ሕመማቸውን መንገርም መደበቅም የራሳቸው መብት ነው። አሁን ከሥራ ስትመጣ የምጠይቃት «ምን ተማርሽ?» ብዬ ነው። እናንተም ሰው አትጠይቁ። አንድ ቃል አምልጦት ልጁ ቦታውን ሊያጣ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ልጁ አማርኛ ስለሚችል አንዳንድ ሠራተኛ «ና አስተርጉም» ሊለው ይችላል። ውኃ ትፈልጊያለሽ ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። የምርመራ ውጤት ወይም የመድኃኒት መጠን መንገር ግን የሠለጠነ አስተርጓሚ ሥራ ነው። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ማስተርጎም በፌዴራል ሕግ አይፈቀድም። «አይፈቀድልኝም» ማለትን አስተምሩት።

ልጄ ስትገባ ዶክተር እሆናለሁ ብላ ነበር። የአራት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት፣ ከዚያ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሬዚደንሲ የሚባል የሆስፒታል ሥልጠና መሆኑን ሰማች። ዕቃ እየሞላች፣ ዊልቼር እየገፋች ስትውል ደግሞ መተንፈስ ያቃተውን ሰው የሚረዱ ባለሙያዎች አየች። ሬስፒራቶሪ ቴራፒስት ይባላሉ። እኔ በነርስ ረዳትነት ስንት ዓመት ሠርቼ እንዲህ የሚባል ትምህርት ኮሌጅ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። አሁን እሱን እየተማረች ነው።

ለመጀመር የልጁን የትምህርት ቤት አማካሪ (ካውንስለር) ቀጠሮ ጠይቁ። «ለልጄ የሆስፒታል ኢንተርንሺፕ ወይም የጤና ኮርስ አለ ወይ?» በሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ትምህርት ቤቱ አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ያመጣል። ቀጠሮውን ስትይዙ ንገሯቸው፣ ልጁ ራሱ እንዳያስተረጉም።