«ፍሊከር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስንጠቀምና ስንተረጉም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ወጣት ተርጓሚ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለሰውን አጭር ልብ ወለድ እንዳርምለት ሰጥቶኝ ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሻማው ብልጭ ድርግም ይል ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። በእንግሊዝኛው ውስጥ የነበረው ግሥ «ፍሊከር» ሲሆን፣ ወጣቱ መዝገበ ቃላት ገልጦ በመጀመሪያ ያገኘውን ፍቺ እንዳለ አስፍሮታል። ይሁን እንጂ በሻማ ወይም በኩራዝ ብርሃን ያጠና ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሻማ ብልጭ ድርግም አይልም። ድርግም ካለ ጠፍቷል፤ ዳግመኛ የሚበራውም ክብሪት ሲጫርለት ነው። ነፋስ ሲነካው ይርገበገባል፣ ሰሙ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ጭል ጭል ይላል። አማርኛችን ለእንዲህ ዓይነቱ ብርሃን ብዙ ቃላት እያሉት አንዱን ብቻ በሁሉም ቦታ መደንቀር የሚያሳዝን ብክነት ስለሆነ፣ በዚህ ቃል ዙሪያ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ከነምክንያታቸው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ቃሉን «መብራትና መጥፋት» አድርጎ መረዳት

የመጀመሪያውና ሌሎቹን ስህተቶች የሚወልደው ይህ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የዚህ ቃል አባት የሆነው «ፍሊኮሪያን» ስለ ብርሃን የሚነገር አልነበረም፤ ወፍ ክንፏን ስታርገበግብ የሚባል ግሥ ነበር። ስለ ነበልባልና ስለ ብርሃን መነገር የጀመረው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ በቃሉ እምብርት ያለው ሐሳብ ፈጣን፣ ደካማና ወጥነት የሌለው እንቅስቃሴ ነው፤ ብርሃኑ ፈጽሞ ሊጠፋም ላይጠፋም ይችላል። የሚያስደንቀው ነገር አማርኛም ያንኑ መንገድ መሄዱ ነው። ወፍ ክንፏን ታርገበግባለች፣ ሰው ዐይኑን ያርገበግባል፣ መጋረጃ በነፋስ ይርገበገባል፣ ነበልባልም ይርገበገባል። እንግሊዝኛ የእባብ ምላስ ወጣ ገባ ማለቱን ሳይቀር በዚሁ ግሥ ይገልጻል። «መርገብገብ» የሚለውን ቃል መነሻ አድርጎ የያዘ ተማሪ ብዙውን መንገድ ተጉዟል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻውን «ኧር» አድራጊ አድርጎ መቁጠር

ተማሪዎች «ቲቸር» አስተማሪ፣ «ድራይቨር» ነጂ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ «ፍሊከር» ማለትም አንድ የሚያበራ ዕቃ ይመስላቸዋል። በዚህ ቃል ውስጥ ያለው «ኧር» ግን ከዚያ የተለየ ነው፤ ድርጊቱ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መፈጸሙን የሚያሳይ የቆየ ምዕላድ ሲሆን፣ በ«ግሊተር»፣ በ«ግሊመር»፣ በ«ሺመር» እና በ«ፍላተር» ውስጥም ይገኛል። እንግሊዝኛ በዚህ ምዕላድ የሚሠራውን ሥራ አማርኛ ፊደላትን በመድገም ይሠራዋል፦ ብልጭ ያለው ሲደጋገም ይብለጨለጫል፣ ቦግ ያለው ሲደጋገም ይንቦገቦጋል፣ «ጭል ጭል»ም «ጭላንጭል»ን ሰጥቶናል። በእኔ አስተያየት እነዚህን የእንግሊዝኛ ቃላት ለአማርኛ ተናጋሪ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም፤ ተማሪው ድምፁንና ትርጉሙን በራሱ ቋንቋ ውስጥ ቀድሞ ያውቀዋልና።

«ብሊንክ»ን እና «ፍሊከር»ን ማደባለቅ

«ብልጭ ድርግም ማለት» ለሚለው አገላለጽ የሚስማማው የእንግሊዝኛ ቃል «ብሊንክ» ነው። ብሊንክ የሚል መብራት በእኩል ጊዜ ይበራል፣ በእኩል ጊዜ ይጠፋል፤ እንዲህ እንዲያደርግም ተብሎ ተሠርቷል። የመኪና ፍሬቻን እንውሰድ። ጤነኛ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል፤ ይህ ብሊንክ ነው። አንድ በውጭ አገር የሚኖር አሽከርካሪ መኪናውን ጋራዥ ወስዶ ፍሬቻው «ፍሊከር» ያደርጋል ቢል፣ መካኒኩ የሚረዳው አምፖሉ በደንብ አልገጠመም፣ ሽቦው ላልቷል ወይም ኃይል በትክክል አይደርሰውም የሚል ነው። በአንድ ቃል ልዩነት ጤነኛው ዕቃ የተበላሸ ይሆናል ማለት ነው። ለኢንተርኔት መሣሪያዎች የሚጻፉ መመሪያዎችን የሚተረጉሙ ሰዎችም ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ መመሪያው «ብሊንክ» ካለ መሣሪያው እንዲሰጥ ተብሎ የተሠራለት ምልክት ነው፣ «ፍሊከር» ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ችግር ነው።

የብርሃንን ምንጭ ሳይጠይቁ ቃል መምረጥ

እንግሊዝኛ ለብርሃን ያሉትን ቃላት የሚለያያቸው ብርሃኑ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው። ፍሊከር የሚያደርገው ራሱ ብርሃን የሚሰጥ ነገር ነው፤ ነበልባል፣ አምፖል፣ የቴሌቪዥን መስኮት። (ጥላም በነበልባሉ ምክንያት አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ይህንኑ ግሥ ይወስዳል።) ውሃ ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን ግን የውሃው ሳይሆን የፀሐይዋ ስለሆነ «ሺመር» ይባላል። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ የጣና ውሃ ላይ የሚንቀጠቀጠው ለስላሳ ብርሃን፣ የሐር ቀሚስ ሲንቀሳቀስ የሚታየው ማብረቅረቅ፣ በቆላ አገር ከአስፋልት ላይ የሚነሣው የሙቀት መርገፍገፍ ሁሉ ሺመር ናቸው።

ኮከብ ደግሞ የራሱ ግሥ አለው፤ «ትዊንክል» ያደርጋል። ኮከብ ከእኛ እጅግ ስለሚርቅ እንደ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያች ነጥብ የሚመጣው ብርሃን በሚነዋወጠው የምድር አየር ውስጥ ሲያልፍ አቅጣጫውን በየቅጽበቱ ስለሚለዋውጥ ኮከቡ የሚጠቅስ ይመስለናል። ፕላኔቶች ቀረብ ብለው እንደ ትንሽ ክብ ስለሚታዩ ያን ያህል አይጠቅሱም። አማርኛው «ኮከቡ ይጠቅሳል» ወይም «ብልጭ ብልጭ ይላል» ቢል ያምርበታል፤ እንግሊዝኛው ግን ለኮከብ ፍሊከርን ከመጠቀም ይልቅ ይህን ቃል ይመርጣል።

የቀሩትን ባጭሩ ላንሣቸው። «ግሊተር» እንደ ወርቅና እንደ ጌጥ ያለ ነገር ብዙ ብልጭታ ሲሰጥ ነው። «ግሊንት» ከቢላ ስለት ወይም ከዐይን ላይ አንድ ጊዜ ብልጭ የሚል ነጸብራቅ ነው። «ፍላሽ» ድንገተኛና ኃይለኛ ነው፣ መብረቅን ይመስላል። «ፍሌር» እሳት በድንገት ቦግ ሲል ነው፤ በዚህም የተነሣ ቁጣ ሲገነፍል ፍሌር አደረገ ይባላል። «ግሊመር» ለፍሊከር በጣም የቀረበው ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ፍሊክ» እና «ፍሊከር» አንድ ናቸው ማለት

«መብራቱን ፍሊከር አደረግሁት» የሚል ስህተት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ማብሪያ ማጥፊያውን በጣት ገፋ ማድረግ «ፍሊክ» ነው፤ ተሳቢ ይፈልጋል፣ አንድ ጊዜ ይፈጸማል፣ የሚፈጽመውም ሰው ነው። ፍሊከር ግን በአብዛኛው ተሳቢ የማይፈልግ ግሥ ሲሆን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ራሱ ብርሃኑ ነው። አንዳንድ ተናጋሪዎች ሰው ሆን ብሎ መብራቱን ሲያበራና ሲያጠፋ ለመግለጽ ቢጠቀሙበትም፣ ለተማሪ የሚመከር አይደለም። መልካቸው ቢመሳሰልም ፍሊከር ከፍሊክ የተወለደ ቃል አይደለም፤ በጽሑፍ በመገኘት ፍሊከር ይቀድማል።

አጻጻፉን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ ማስታወስ ይበቃል። ቃሉ «ሲ» እና «ኬ» የሚባሉትን ፊደላት አንድ ላይ ይይዛል፤ ከ«አር» በፊትም «ኢ» የተባለችው ፊደል አለች። ብዙ ወጣቶች ይህችን ፊደል የሚጥሏት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የተመሠረተው «ፍሊከር» የተባለ ፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ ስሙን ሆን ብሎ ያለ እርሷ ስለጻፈ ነው። ሁለተኛው፣ ግሡ ወደ ኃላፊ ጊዜ ወይም ወደ «ኢንግ» ቅርጽ ሲለወጥ የመጨረሻዋ «አር» አትደገምም፤ የድምፁ ጫና በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ስለሚያርፍ ነው። «ሪፈር» የሚለው ግሥ «አር»ን የሚደግመው ጫናው በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ስለሆነ ነው።

ዘይቤያዊውን አገላለጽ ቃል በቃል መመለስ

ይህ ለተርጓሚዎች ከሁሉም የሚከብድ ቦታ ነው። እንግሊዝኛ ጸሐፊ የአንድን ሰው ፊት ሲገልጽ በፊቱ ላይ የፈገግታ ፍሊከር አለፈ ሊል ይችላል። ይህን «የፈገግታ ብልጭ ድርግም» ብሎ መመለስ አንባቢውን ያስቃል እንጂ ምንም አይነግረውም። «ፈገግታ ፊቷ ላይ ውልብ ብሎ ጠፋ» ቢባል ግን ፍጥነቱም፣ ድካሙም፣ መጥፋቱም በአንድ ጊዜ ይገባል። «ውልብ ማለት» የሚለው አገላለጽ ለጥርጣሬ፣ ለቁጣ፣ ለሐዘን፣ አንድን ሰው ለይቶ ለማወቅም ይሠራል፤ እኔ ለዚህ ዓይነቱ ፍሊከር ከርሱ የሚበልጥ ቃል አላገኘሁም። በአሉታ ሲመጣ፣ ለምሳሌ አንድ ተከሳሽ ፍርዱን ያለ አንዳች የስሜት ፍሊከር ሰማ ሲባል፣ ቃሉን ጨርሶ ትቶ «ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብ ፍርዱን ሰማ» ማለት ይሻላል።

ከተስፋ ጋር ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። «የተስፋ ጭላንጭል» የሚለው የለመድነው አባባል የሚስማማው ለ«ግሊመር» ነው፤ ከሩቅ የሚታይ፣ ደካማ ቢሆንም ያለ ብርሃን ነውና። የተስፋ ፍሊከር ግን ብቅ ብሎ የሚጠፋ፣ ሊጠፋም የተቃረበ ተስፋ ነው። ስለ ሰላም ድርድር ወይም ስለ በሽተኛ ጤና በሚጻፍ ዜና ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው አንባቢውን ያጽናናዋል፤ ሁለተኛው ግን እየነገረው ያለው ብዙ እንዳይጠብቅ ነው።

የቴክኒክ ትርጉሙን መዘንጋት

በመሐንዲሶች አነጋገር ፍሊከር ማለት የብርሃን መጠን በጊዜ ውስጥ ሲዋዥቅ በተመልካቹ ዐይን ላይ የሚፈጠረው የመናወጥ ስሜት ነው። የብየዳ ማሽን ሲሠራ የጎረቤት አምፖል ደብዘዝ ደመቅ እያለ ሲያስቸግር በቮልቴጅ መዋዠቅ የሚመጣውን ይህን ችግር ለመለካት የሚያገለግሉ መሣሪያዎች መነሻ ያደረጉት የ60 ዋት ባለክር አምፖልን ነው፤ የሰው ዐይን በጣም የሚረበሸውም መዋዠቁ በሴኮንድ ወደ 9 ጊዜ ገደማ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለውን ፍሊከር «የመብራት መቆራረጥ» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የተቋረጠው ኃይሉ ሲሆን፣ በፍሊከር ጊዜ ግን ኃይሉ አለ፣ ወጥነቱ ነው የጎደለው። እዚህ ላይ «የብርሃን መዋዠቅ» የሚለው ትርጉም ተገቢ ነው።

ዐይን የማያየው ፍሊከርም አለ። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ሄርትዝ (በሴኮንድ 50 ዑደት) ስለሆነና በእያንዳንዱ ዑደት ሁለት ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ፣ የቀድሞው ዓይነት ፍሎረሰንት መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይዋዥቃል፤ 60 ሄርትዝ በሚጠቀሙት በአሜሪካ ደግሞ 120 ጊዜ። ዐይናችን ይህን አይለየውም፣ የስልክ ካሜራ ግን በምስሉ ላይ የሚንሸራተቱ ጥቁር መስመሮች አድርጎ ያሳየዋል። በብዙ ካሜራዎች ቅንብር ውስጥ «ፍሊከር»ን ለመቀነስ 50 ወይም 60 ምረጥ የሚለው ትእዛዝ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ አዲስ አበባ ውስጥ መስመር የሚያወጣበት ሰው 50ን ቢመርጥ በአብዛኛው ይስተካከልለታል።

እንግሊዞች ሲኒማን «ፍሊክስ» ብለው የሚጠሩትም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ የጥንት ፊልሞች ብርሃናቸው ይርገበገብ ነበርና። በኋላ በሴኮንድ 24 ምስል ሲለመድ፣ ፕሮጀክተሩ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ጊዜ በብርሃን እንዲመታው በማድረግ በሴኮንድ 48 ብልጭታ ተገኘ፣ መርገብገቡም በጣም ቀነሰ።

በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላይ ግን ስህተቱ በሰው ጤና ላይ ይደርሳል። ብርሃን ሲቀሰቅሰው የሚነሣ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው በሴኮንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚደጋገም ብልጭታ እጅግ አደገኛ ነው። በታኅሣሥ 1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃፓን ቴሌቪዥን የቀረበ አንድ የካርቱን ክፍል በፍጥነት በሚፈራረቁ ቀይና ሰማያዊ ብርሃናት ምክንያት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን ለሆስፒታል ዳርጓል። እንዲህ ባለው ማስጠንቀቂያ ላይ ፍሊከርን «ደብዛዛ ብርሃን» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ በሽተኛው ሊጠነቀቅለት የሚገባውን ነገር ደብቆበታል፤ «በፍጥነት እየተፈራረቀ ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን» ብሎ መዘርዘር ቢረዝምም ይሻላል።

አንድ ትንሽ ስህተት ይቀራል። በሰሜን አሜሪካ ስለ አእዋፍ የተጻፈ ነገር ላይ ፍሊከር ዛፍ ላይ ሲያርፍ ወይም መሬት ላይ ጉንዳን ሲለቅም ቢገኝ ብርሃን አይደለም፤ የግንደ ቆርቁር ዝርያ የሆነ ወፍ ስም ነው።