በድረ ገጽ ካርታ ላይ የሙሉ ስክሪን አዝራር አጨማመር

የፋሲል ግቢን ካርታ በአንድ ድረ ገጽ መካከል፣ ቁመቱ 400 ፒክስል በሆነ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ችግሩን ወዲያው ያየዋል። 900 ሜትር በሚረዝመው ቅጥር ውስጥ የአፄ ፋሲል፣ የአፄ ኢያሱና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች ተቀራርበው የቆሙ በመሆናቸው፣ ካርታው ከግቢው አንሥቶ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ያለውን መንገድ በአንድነት ሲያሳይ ምልክቶቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ሕንፃዎቹን ለመለየት ዙም ሲደረግ ደግሞ ጥምቀተ ባሕሩ ከሳጥኑ ይወጣል። ካርታውን በሙሉ ስክሪን የሚከፍት አዝራር ይህን ያቃልላል። አዝራሩን ማስገባት የጥቂት መስመር ኮድ ጉዳይ ነው፤ ድካም ያለው ከገጹ የትኛው ክፍል ይስፋ የሚለውን በመወሰን ላይ ነው።

በቅድሚያ የሚጠቀሙበት የካርታ ላይብረሪ (ካርታውን በገጹ ላይ የሚያሳይ ዝግጁ ኮድ) ምን እንደሚሰጥ ይመልከቱ። ጎግል ማፕስ አዝራሩን ሳይጠየቅ ያሳያል። ኦፕንሌየርስ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከማፕቦክስ ኮድ ተገንጥሎ የወጣው ማፕሊብሬ የየራሳቸው የሙሉ ስክሪን መቆጣጠሪያ ስላላቸው፣ ካርታው ሲፈጠር መቆጣጠሪያውን መጨመር ብቻ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሊፍሌት ግን በአንደኛው ትውልድ ስሪቶቹ አዝራሩን ከራሱ ጋር ይዞ ስለማይመጣ ፕለጊን (ተጨማሪ ኮድ) መጫን፣ ከዚያም በካርታው ምርጫዎች ውስጥ የሙሉ ስክሪን መቆጣጠሪያውን ማብራት ያስፈልጋል።

አዝራሩን በራሳቸው እጅ መሥራት የሚፈልጉም አይቸገሩም። ሁሉም ላይብረሪዎች የሚደገፉት በብራውዘሩ ፉልስክሪን ኤፒአይ፣ ማለትም ብራውዘሩ ለኮድ በሚያቀርባቸው የሙሉ ስክሪን ትእዛዞች ላይ ነው። እንዲሰፋ በሚፈለገው ኤለመንት (የገጹ ክፍል) ላይ ሪኩዌስት ፉልስክሪን የተባለው ትእዛዝ ይጠራል፤ መውጫው ኤግዚት ፉልስክሪን ደግሞ በዶክዩመንቱ (በጠቅላላው ገጽ) ላይ ይጠራል። ብራውዘሩ ጥያቄውን የሚቀበለው ተጠቃሚው ሲጫን ብቻ ስለሆነ፣ ገጹ እንደተከፈተ ካርታውን በራሱ ለማስፋት መሞከር ከንቱ ነው። የአዝራሩን ምስል ከማስፊያ ወደ ማጥበቢያ የሚቀይረው ኮድ መታሰር ያለበትም አዝራሩ ከመጫኑ ጋር ሳይሆን ፉልስክሪን ቼንጅ ከተባለው ክስተት ጋር ነው፤ ተጠቃሚው በኪቦርዱ ኤስኬፕ ቁልፍ ሲወጣ አዝራሩ ስላልተነካ፣ በመጫን ላይ ብቻ የተመሠረተ ኮድ ካርታው ጠብቦም የማጥበቢያ ምስሉን እንዳሳየ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ውሳኔ እንምጣ። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወርዱባቸውን መንገዶች በየቀለማቸው የሚያሳይ ካርታ አለ እንበል። ቀይ መስመር የትኛው ደብር፣ ሰማያዊው የትኛው እንደሆነ የሚናገረው መግለጫ ከካርታው ጎን በሌላ ዲቭ (የገጹን ይዘት የሚይዝ ሳጥን) ውስጥ ተቀምጧል። ላይብረሪዎቹ ካልተነገራቸው በስተቀር የሚያሰፉት የካርታውን ዲቭ ብቻ በመሆኑ፣ ገጹን የሚጎበኘው እንግዳ አዝራሩን በተጫነ ጊዜ መግለጫውም የመፈለጊያ ሳጥኑም ከዓይኑ ይሰወራሉ፤ ትርጉማቸውን የማያውቃቸው ባለቀለም መስመሮች ብቻ ይቀሩለታል። እንዲህ ያለ ሙሉ ስክሪን ከትንሹ ሳጥን ይብሳል።

መፍትሔው ካርታውንና መግለጫውን በአንድ ወላጅ ዲቭ መጠቅለልና እንዲሰፋ የሚፈለገው እርሱ መሆኑን ለመቆጣጠሪያው መንገር ነው። በማፕሊብሬ ይህ ምርጫ ኮንቴይነር፣ በኦፕንሌየርስ ሶርስ ይባላል። ይሁን እንጂ ብራውዘሩ ወርድና ቁመቱን ወደ መቶ በመቶ የሚያሳድገው የወላጁን ብቻ ነው። በውስጡ ያለው ካርታ በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) 400 ፒክስል ተብሎ ከተወሰነ እዚያው 400 ላይ ቆሞ፣ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይታያል። ስለዚህ ወላጁ ፉልስክሪን በሆነበት ሁኔታ ብቻ የሚሠራ፣ የካርታውን ቁመት መቶ በመቶ የሚያደርግ የሲኤስኤስ ደንብ ይጻፉ። ከወላጁ ውጭ፣ በገጹ ቦዲ ላይ በቀጥታ የሚለጠፉ ብቅ ባይ መስኮቶችም ይከፈታሉ እንጂ አይታዩም፤ እነርሱንም ወደ ወላጁ ውስጥ ማዛወር ወይም ሾው ሞዳል በተባለው ትእዛዝ ሲከፈት ከሁሉ በላይ በሚቆመው በብራውዘሩ ዳያሎግ ኤለመንት መተካት ይሻላል።

ሳጥኑ ሲሰፋ በሊፍሌት የካርታው ዳር ግራጫ ሆኖ ከቀረ፣ ኢንቫሊዴት ሳይዝ የተባለውን ትእዛዝ በፉልስክሪን ቼንጅ ውስጥ ይጥሩ። የዙሙን ደረጃ ግን አይንኩ፤ እንግዳው ራሱ ያጎላውን ቦታ ካርታው በገዛ ፈቃዱ ሲለውጥበት ይበሳጫል።

አንድ የጎንደር ሆቴል ይህንኑ ካርታ በአይፍሬም (አንድን ገጽ በሌላ ገጽ ውስጥ በሚያሳይ ኤለመንት) አድርጎ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ቢያስገባ፣ አይፍሬሙ ሙሉ ስክሪንን የሚፈቅድ ባሕርይ ካልተጻፈበት አዝራሩ አይሠራም። ፈቃዱን መስጠት የሚችለው የሆቴሉ ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ ለሆቴሉ በሚልኩት የአይፍሬም ኮድ ውስጥ አላው ፉልስክሪን የሚለውን አስቀድመው ይጻፉበት።

አይፎን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በስልኩ ላይ ሳፋሪ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ስክሪንን የፈቀደው ለቪዲዮ ብቻ በመሆኑ፣ በእነዚያ ስልኮች ላይ ከላይ የተጻፈው የሪኩዌስት ፉልስክሪን ትእዛዝ የለም። ማፕሊብሬ ይህን ሲያገኝ በራሱ ወደ አስመሳይ ሙሉ ስክሪን ይዞራል፤ ይኸውም ኤለመንቱን በፊክስድ አቀማመጥ አራቱም የስክሪኑ ጠርዞች ላይ መዘርጋት ነው። በእጅ ለሚሠራ አዝራርም ይኸው ዘዴ ያገለግላል፤ ነገር ግን ከካርታው በላይ ካሉት ወላጆች አንዱ ትራንስፎርም (ኤለመንትን የሚያዞር ወይም የሚያንቀሳቅስ የሲኤስኤስ ደንብ) ካለበት ካርታው በስክሪኑ ፈንታ በዚያ ወላጅ ልክ ይዘረጋል። ብራውዘሩ በዚህ አኳኋን መውጫ ስለማያሳይ፣ የመዝጊያ አዝራሩ በሰፋው ካርታ ላይ በግልጽ መታየት አለበት። ጎብኚዎች ካርታውን በብዛት የሚከፍቱት ግቢው በር ላይ ቆመው በስልክ በመሆኑ፣ እኔ ይህን አማራጭ እንደ ትርፍ ሥራ አላየውም።

በመጨረሻ የአዝራሩን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ይመልሱ፤ ስክሪን ሪደር (ገጹን ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚያነበው እርሱን ነው። በማፕሊብሬ ሎካል በተባለው ምርጫ ውስጥ ለመግቢያው «ካርታውን በሙሉ ስክሪን ክፈት»፣ ለመውጫው «ከሙሉ ስክሪን ውጣ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ በኦፕንሌየርስ ደግሞ ጽሑፉ ቲፕ ሌብል በሚለው ምርጫ ይገባል።