ሥራ መሀል ከተማ፣ ቤት ከከተማ ወጣ ብሎ፦ የምትገዙበትን ከተማ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ከትልቅ ከተማ ወጣ ሲሉ ቤቱ ይሰፋል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ደላላው ደግሞ «ሥራ ቦታህ ድረስ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው» ይላል። የስንት ሰዓቱ ሠላሳ ደቂቃ እንደሆነ ግን አይናገርም። የእሁድ ጠዋቱ ከሆነ እውነቱን ነው።

ይሄ ፍለጋ ከመንገዱ ቢጀመር ይሻላል። ቤት ይታደሳል፣ ክፍል ይጨመርበታል፣ ቀለም ይቀባል። መንገዱን ግን ብትፈልጉም አታድሱትም። ስለዚህ የቤት ፎቶ ማየት ከመጀመራችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ጨርሱ። ሰፊ ሳሎን አንዴ ልብ ከሰረቀ በኋላ ተረጋግቶ ሂሳብ የሚሠራ ሰው ብዙም የለም።

1. የደቂቃ ጣሪያ አውጡ

ለገንዘብ ጣሪያ እንደምታወጡት ሁሉ ለጉዞም አውጡ። ጣልያናዊው የፊዚክስ ተመራማሪ ቼዛሬ ማርኬቲ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች በየዘመኑ ለዕለት ጉዞ የሚያውሉት ጊዜ በአማካይ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው ብሎ ነበር። ደርሶ መልስ ማለት ነው። እግረኛም ባለመኪናም ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚሸፈነው ርቀት ነው። እናንተ ከዚያ በላይ መታገሥ ትችሉ ይሆናል። ግን ቁጥሩን ጻፉት።

ሂሳቡን አንድ ጊዜ ብትሠሩት ደግሞ ጥሩ ነው። በአንድ ጉዞ 45 ደቂቃ ቢጨመርባችሁ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በዓመት 220 ቀን ለሚሠራ ሰው 330 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠሩ፣ ከስምንት የሥራ ሳምንት በላይ መንገድ ላይ አለፈ ማለት ነው። ባልና ሚስት ሁለታችሁም ሠራተኞች ከሆናችሁ ጣሪያው ለየብቻ ይውጣ። አንዱ በእግሩ እየሄደ ሌላው ሁለት ሰዓት የሚሰለፍበት ቤት ሰላም አይሰጥም።

2. እጩ ከተሞችን ያዙ

ካርታ ላይ ክብ ሠርቶ «ከዚህ እስከዚህ 25 ኪሎ ሜትር» ማለት አይጠቅምም። ፈጣን መንገድና ባቡር ባለበት አቅጣጫ 40 ኪሎ ሜትር ቅርብ ሊሆን ይችላል። በሌላው በኩል 12 ኪሎ ሜትር ሩቅ ነው። መስመሮቹን ተከትላችሁ አራት አምስት ከተማ ያዙ። ከዚያ በላይ አትያዙ፣ የሚቀጥለውን ደረጃ በትክክል መሥራት አትችሉም።

በመኪና የምትመላለሱ ከሆነ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ቤታችሁ ከሥራ ቦታው በስተምዕራብ ከሆነ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ማታ ወደ ምዕራብ ትነዳላችሁ። ፀሐይ ሁለቱንም ጊዜ ዓይናችሁ ውስጥ ናት። በስተምሥራቅ ከሆነ ግን ሁለቱንም ጊዜ ከጀርባችሁ ትሆናለች። ሁለት ከተማ እኩል ከመጡላችሁ የምሥራቁን ውሰዱ።

3. መንገዱን ለኩ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ብዙ ሰው በቸልታ የሚያልፈውም ይሄንኑ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደምትለኩ እንስማማ። የባቡር ሰሌዳ ላይ ያለው 35 ደቂቃ ከጣቢያ ጣቢያ ነው። እናንተ ግን ጣቢያ ውስጥ አትኖሩም። በር ዘግቶ መውጣት አለ፣ ወደ ጣቢያ መሄድ አለ፣ መጠበቅ አለ፣ መቀየር አለ፣ ወርዶ መራመድ አለ፣ ሊፍት መጠበቅም አለ። ሰዓቱ የሚቆጠረው የቤታችሁ በር ከተዘጋበት እስከ መቀመጫችሁ ድረስ ነው። ብዙ ጊዜ ያ 35 ደቂቃ ከአንድ ሰዓት ያልፋል።

ለመጀመሪያ ግምት ጉግል ማፕ ይበቃል። ግን ሶፋ ላይ ሆናችሁ ማታ 3 ሰዓት ላይ አትዩት። የመነሻውን ወይም የመድረሻውን ሰዓት ራሳችሁ አስገቡ፤ የሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል በሉት። ለመኪና ጉዞ «ከዚህ እስከዚህ ደቂቃ» ብሎ ሁለት ቁጥር ሲሰጣችሁ፣ ትንሹን እርሱትና ትልቁን ያዙ።

ከዚያ ሂዱና ሞክሩት። ለመግዛት ካሰባችሁት ሰፈር መሀል ተነሡ፣ እውነተኛ የሥራ ሰዓታችሁ ላይ ድረሱ። ማታም ተመለሱ። ማታው ከጠዋቱ ይብስ ይሆናል፤ በተለይ ልጅ ከትምህርት ቤት የምትወስዱ ከሆነ መዘግየቱ የሚያስጨንቀው ያኔ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን የተለካ ጉዞ አይቆጠርም። ዝናብ የጣለ ቀን ግን ወርቅ ነው፣ እንዳያመልጣችሁ።

ውጤቱን ጻፉና አማካዩን ተዉት። አማካይ ያታልላል። አንደኛው ከተማ አዘውትሮ 40 ደቂቃ ይፈጅና በሳምንት አንድ ቀን 75 ይሆናል እንበል። ሌላው ሁልጊዜ 55 ነው፤ ቢብስ ቢብስ 60። አማካዩን ካያችሁ የመጀመሪያው ያሸንፋል። እኔ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። 75 የምትሆነዋ ቀን መቼ እንደምትመጣ ስለማይታወቅ፣ አለቃ የሚቆጣ ከሆነ በየቀኑ የምትነሡት 75 አስባችሁ ነው። በቀሪዎቹ ቀናት ያተረፋችኋት ደቂቃ ቢሮ በር ላይ ቆማችሁ ታልፋለች።

በሕዝብ ትራንስፖርት ለምትሄዱ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንዱ ምልልሱ ነው። በየአሥር ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ ቢያመልጣችሁ ምንም አይደል። በየሰዓቱ የሚመጣ ሲያመልጥ ግን ቀኑ ተበላሸ። የመጨረሻው ስንት ሰዓት እንደሚነሣም ጠይቁ፤ የማታ ሕይወታችሁን የሚወስነው እሱ ነው።

ሁለተኛው ወንበር ነው። አንድ የማውቀው ሰው ጣቢያ ሥር የሆነ ቤት ገዛ፤ በጣም ተደስቶ ነበር። ባቡሩ ግን እሱ ጋ ሲደርስ ሞልቶ ነው የሚመጣው። አሁን ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ወደ ኋላ ሁለት ጣቢያ ይሄዳል፣ እዚያ ወንበር ይዞ ወደ ከተማ ይመለሳል። የመስመሩ መነሻ ላይ ያለ ከተማ ራቅ ቢልም ተቀምጦ፣ እያነበቡ ወይም እያንቀላፉ መሄድ ያስችላል። ለአንድ ሰዓት መቆምና ለአንድ ሰዓት መቀመጥ እኩል ድካም አይደሉም።

ሌላ መውጫ መኖሩንም እዩ። በአንድ ድልድይ ወይም በአንድ መንገድ ብቻ የሚገባባት ከተማ አንድ ከባድ መኪና በተገለበጠ ቁጥር ትዘጋለች።

4. የቤቱን ዋጋና የመንገዱን ወጪ አንድ ላይ ደምሩ

ርካሽ ቤት ሁለተኛ መኪና ካስገዛችሁ ርካሽ አይደለም። ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ ፓርኪንግ፣ የወር ትኬት፣ ሁሉንም ወር ላይ አውጡና ከብድር ክፍያው ጋር ደምሩ። አሜሪካ ውስጥ ሴንተር ፎር ኔበርሁድ ቴክኖሎጂ የተባለ ድርጅት ቤትና ትራንስፖርት ተደምረው ከገቢ 45 በመቶ ባይበልጡ የሚል መለኪያ አለው። ቁጥሩ ለእናንተ ባይሠራ እንኳ ሁለቱን ደምሮ ማየቱ ይሠራል።

5. ገና ላልተሠራ ነገር አትክፈሉ

«ባቡሩ በቅርቡ ይደርሳል»፣ «መንገዱ ሊሰፋ ነው»። ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን መወሰን ያለባችሁ ዛሬ በሚሠራው ነው። ሰፍቶ እንኳ ላይጠቅም ይችላል። አሜሪካዊው አንቶኒ ዳውንስ በ1962 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ የከተማ ፈጣን መንገድ ሲሰፋ በመጨናነቂያ ሰዓት የሚመጣው መኪናም አብሮ ይጨምራል። ሂዩስተን ውስጥ ኬቲ ፍሪዌይ የሚባለው መንገድ በ2008 እ.ኤ.አ. ሰፍቶ አለቀ። የጎን መንገዶቹ ሲቆጠሩ አንዳንዱ ቦታ 26 መስመር አለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ጉዞው እንደገና ረዘመ።

6. ከተማዋን በተለያየ ሰዓት እዩ

ሁሉም ሰው ወደ ሥራ የሚሄድባት ከተማ ቀን ባዶ ናት። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሂዱና ክፍት ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ ልጅ የሚጫወትበት ቦታ መኖሩን እዩ። ማታ 2 ሰዓትም ሂዱ፤ ከጣቢያው ወደ ቤት ያለውን መንገድ በእግር ሂዱበት። ስለ ውኃና መብራት ደላላውን ሳይሆን ጎረቤትን ጠይቁ።

የጎርፍ ካርታ ካለ ተመልከቱ። «በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» ሲባል ብዙ ሰው ይዝናናል። ትርጉሙ ግን በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ነው። በ30 ዓመት የቤት ብድር ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል 26 በመቶ አካባቢ ይሆናል። አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ጸጥ ስላለ አትታለሉ። የሚያርፉበት አቅጣጫ ከነፋሱ ጋር ይለዋወጣል።

7. ከቻላችሁ መጀመሪያ ተከራዩ

ለእኔ ከሁሉም የተሻለው አቋራጭ ይሄ ነው። ባዶ ኪራይ መክፈል ነው የሚሉ አሉ። ቤት ገዝቶ መልሶ መሸጥ የሚያስወጣውን የኮሚሽንና የግብር ወጪ አላሰቡትም። ጥቂት ወር እዚያው ከተማ ተከራይታችሁ ከሠራችሁ፣ ከላይ ያለው ልኬት ሁሉ ሳትደክሙ ይሠራል። የትኛው ጎን ውኃ እንደሚጠፋበት፣ የትኛው ጫጫታ እንዳለበት፣ የትኛው ቤት ሊሸጥ እንደሆነ ማስታወቂያ ሳይወጣ ትሰማላችሁ።

መከራየት ካልተቻለ ቢያንስ አንድ ነገር አረጋግጡ። ከዚያች ከተማ ተነሥታችሁ አሁን ካላችሁበት መሥሪያ ቤት ሌላ ሥራ ወደሚገኝበት ሁለተኛ አካባቢም በጣሪያችሁ ውስጥ መድረስ መቻል አለባችሁ። የቤት ብድሩ ሃያ ሠላሳ ዓመት ይቆያል፤ አሁን ያላችሁበት ሥራ ያን ያህል ይቆይ እንደሆነ አይታወቅም።