የእንግሊዝኛ ቃላትን በቤተሰብ መድቦ አጥንቶ እንዴት መያዝ እንደሚቻል

ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጡ ታፔላ ላይ የሚነበበው እንግሊዝኛ አንድ ደብተር ይሞላል። ቃላቱን አንድ በአንድ ከመሸምደድ ይልቅ ተመሳሳይ ፊደላት የሚጋሩትን አንድ ገጽ ላይ መሰብሰብ ይሻላል፤ አንዱ ሲታወቅ ሌላው ይከተላል።

መጀመሪያ የጋራ ፊደላቱን ይምረጡ። ሁለት ፊደል አያዋጣም፣ የማይዛመደው ሁሉ ይገባበታል። አራት ይበቃል። ለጀማሪ ፒ፣ ኦ፣ አር፣ ቲ፣ ማለትም «ፖርት» ይመቻል፤ «ኢምፖርት ኤክስፖርት» የሚል ታፔላ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው መቼም አይኖርም።

ቀጥሎ ገጹን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት፦ ቃሉ፣ ክፍሎቹ፣ ትርጉሙ። ቃሉን በላቲን ፊደል ይጻፉት፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ድርብ ፊደሎቹ ይጠፋሉ። በአንድ ገጽ ከሰባት ቃል አይለፉ።

አሁን ይተንትኑ። በላቲን «ፖርታሬ» መሸከም ነው። «ኢን» ወደ ውስጥ፣ «ኤክስ» ወደ ውጭ ስለሆነ ኢምፖርት ማስገባት፣ ኤክስፖርት መላክ ሆነ፤ አስመጪና ላኪ የምንለው ይኸው ነው። «ትራንስ» ማዶ ነው፤ ትራንስፖርት ማጓጓዝ። «ሪ» መልሶ ነው፤ ሪፖርት የሆነውን ይዞ ተመልሶ መንገር። «ሰብ» ከሥር ነው፤ ሰፖርት ከሥር ሆኖ መሸከም፣ መደገፍ። ሰፖርት ሲጻፍ ብዙ ሰው አንዱን ፒ ይገድፋል። የ«ሰብ» ቢ ከፒ በፊት ስትመጣ ራሷ ፒ ስለምትሆን ነው ሁለት የሆኑት። የ«ኢን» ኤን ደግሞ በዚያው ምክንያት ኤም ሆናለች።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ጋ ነው፦ ፊደል መጋራት ዝምድና አይደለም። ኤርፖርትና ፓስፖርት የመጡት «ፖርቱስ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ወደብ ማለት ነው። ፖርሽን (ድርሻ) እና ፖርትሬት (የሰው ምስል) ከሁለቱም ወገን አይደሉም። ስፖርት ደግሞ፣ ባይመስልም፣ የመሸከም ዘር ነው፤ «ዲስፖርት» ከሚለው አጥሮ የቀረ ሲሆን ሐሳብን ከሥራ ወስዶ ማዝናናት ማለት ነበር። ስለዚህ በ«ፖርት» ቦታ «መሸከም» ብለው ይተኩ፤ ትርጉሙ ካልሰመረ ቃሉን ለብቻው ያቆዩት። የቃላትን አመጣጥ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ አራት ኪሎ የሚያልፍ ሰው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጎራ ማለትም ይችላል።

ድምፁንም አይርሱ። ኢምፖርት፣ ኤክስፖርትና ትራንስፖርት ስም ሲሆኑ ድምፁ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ይጫናል፤ ግሥ ሲሆኑ «ፖርት» ላይ ይጫናል። ሪፖርትና ሰፖርት ግን ሁልጊዜ መጨረሻቸው ላይ ነው።

በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ሦስተኛውን ዓምድ በእጅ ሸፍነው ራስዎን ይጠይቁ። ሁለት ጊዜ ያመለጠዎትን ቃል ዓረፍተ ነገር ይሥሩበት። ገጹ ሲያልቅ ወደ «ግራፍ» ይለፉ።