የቀለቡን ሂሳብ ማን ከፈለ?

መጀመሪያ ጉዴን ልናገር። አንድ ጊዜ ኖቬምበር 9 ቀን 1874 የወጣ የኒውዮርክ ሄራልድ ዘገባ እጄ ገባ። (ቀኑም ዓመቱም በፈረንጅ ነው፤ ከታች ያሉትም እንደዚያው።) የከተማዋ ሴንትራል ፓርክ መካነ አራዊት እንስሳት አምልጠው 49 ሰው ገደሉ ይላል። ደንግጬ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ከሳምንት በኋላ አንዲት ጓደኛዬ «የመጨረሻዋን አንቀጽ አይተሃታል?» አለችኝ። አላየኋትም። እዚያች ላይ ጋዜጣው ራሱ «ሁሉም ፈጠራ ነው» ብሎ ጽፏል። እስካሁን ይስቁብኛል።

ስለዚህ የቆየ የእንስሳ ወሬ ሲገጥማችሁ እስከ ጫፉ አንብቡ። ከዚያ ወደ ኋላ ጎትቱት። ያገኛችሁትን ቅጂ ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል ደርድሩና የተለወጡትን ቃላት አስምሩባቸው። «ከድንጋዩ ሥር» የነበረው ሲገለበጥ «ድንጋዩ ውስጥ» ይሆናል። አንዳንዴ ምሥጢሩ በሙሉ ያቺ አንዲት ቃል ናት።

ቀጥሎ እኔ የምወደው ጥያቄ ይመጣል፦ ቀለቡን ማን ቻለ? እንስሳ ይበላል። የሚበላ ነገር ደግሞ ወጪ አለው፣ ወጪም ይመዘገባል። ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ለንደን ውስጥ ነጭ ድብ ነበራቸው ቢባል ማን ያምናል? የ1252 መዝገብ ግን አለ። የከተማዋ ሸሪፎች (ሹማምንት) ለድቡና ለጠባቂው በቀን 4 ፔኒ እንዲከፍሉ ታዘዋል። ቴምዝ ወንዝ ገብቶ ዓሣ ሲያጠምድ የሚያዝበት ጠንካራ ገመድም ይግዙ ተብሏል። ተረት የሚፈጥር ሰው የገመድ ወጪ ትዝ አይለውም።

ዱር ያለ እንስሳ ግን ደረሰኝ አይተውም። ያኔ አካሉን ፈልጉ፤ አጥንት፣ ቆዳ፣ ፎቶ። ሪቻርድ ሮይሽ የሚባሉ ቄስ በ1926 ኪሊማንጃሮ አናት አካባቢ በረዶ ያደረቀው ነብር አገኙ፤ ለማስረጃም ጆሮውን ቆርጠው ወሰዱ። ጨካኝ ይመስላል እንጂ የገባቸው ሰው ናቸው።

ደግሞ ቶሎ «ውሸት» አትበሉ። በ1937 ኢሊኖይ ውስጥ አልተን በምትባል ከተማ፣ ከባሕር እጅግ ርቆ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ሻርክ ተያዘ። ቡል ሻርክ ነበር። የዚህ ዓሣ ሰውነት ጨው የሌለውንም ውሃ ይችላል። ከመፍረዳችሁ በፊት የእንስሳውን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ሲቻል ደግሞ ሞክሩት። ድፍን ድንጋይ ሲፈለጥ ጉርጥ በሕይወት ወጣ የሚል ወሬ በብዙ አገር አለ። እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ሊቅ ዊሊያም በክላንድ በ1825 ሃያ አራት ጉርጦችን በኖራ ድንጋይና በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ በተፈለፈሉ ጉድጓዶች ከትተው፣ በመስታወት ከድነው ቀበሯቸው። ከዓመት በኋላ ሲከፍቱ የአሸዋ ድንጋዮቹ ሁሉም ሞተዋል። ከኖራ ድንጋዮቹ ግን በሕይወት የቆዩ ነበሩ። ከነሱም አንዷ ጭራሽ ክብደት ጨምራለች! መስታወቷን ሲያዩት ቀጭን ስንጥቅ አለበት። ትንንሽ ነፍሳት በዚያ ይገቡላት ነበር ማለት ነው። እሷም ቀላቢ ነበራት።