በግቢያችሁ ያለ ዛፍ ከመቁረጣችሁ በፊት ፈቃድ እንዴት ይጣራል፣ እንዴት ይወጣል?

ዛፉ ግቢያችሁ ውስጥ ነው። ምናልባትም የተከላችሁት እናንተው ናችሁ። ታዲያ ለመቁረጥ ደግሞ ማንን ላስፈቅድ ነው?

ጥያቄው አይገርምም። ነገር ግን በብዙ የዓለም ከተሞች የመሬቱ ባለቤት መሆን ብቻውን ዛፉን ለመጣል አያበቃም። የአካባቢ ደንቦች በአብዛኛው «መሬቱ የማን ነው?» ብለው አይጀምሩም። ዛፉ ምን ዓይነት ነው? ግንዱ ምን ያህል ይወፍራል? የቆመው የት ነው? ለምንስ ይቆረጣል? ጥያቄያቸው ይሄ ነው።

ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ከተማ ውስጥ ማንም የማይጠይቃችሁ ዛፍ፣ አጠገቡ ባለው ሌላ አስተዳደር ሥር ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩንና ዝርዝሩን የምታገኙት ከራሳችሁ አስተዳደር ነው። እኔ የማሳያችሁ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱና ከየት እንደምትጀምሩ ነው። ብዙ ሰው ቀድሞ የሚደውለው ለዛፍ ቆራጩ ነው። እሱ ግን መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

1. ሜትር ይዛችሁ ውጡ

«ትልቅ ዛፍ ነው» ብላችሁ ቢሮ ብትሄዱ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ሴንቲ?» ነው። አብዛኞቹ ደንቦች የውፍረት ወለል አላቸው። ከዚያ በታች ያለውን ዛፍ ሳያስፈቅዱ መቁረጥ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ፈቃድ ይፈልጋል።

ችግሩ አንዱ ደንብ የግንዱን ዙሪያ ሲጠይቅ ሌላው ዲያሜትሩን፣ ማለትም በመሃሉ ከዳር እስከ ዳር ያለውን ስፋት፣ መጠየቁ ነው። የሚለካበት ከፍታም አንድ አይደለም። ቶሮንቶ ውስጥ በግል ይዞታ ላይ ያለ ዛፍ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከመሬት 1.4 ሜትር ከፍታ ላይ ሲለካ ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው። ሲንጋፖር ደግሞ ለዛፍ ጥበቃ በተከለሉ አካባቢዎች ዙሪያውን ነው የምትጠይቀው። ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ሲለካ ከ1 ሜትር ካለፈ ያለ ፈቃድ አይነካም። እንግሊዝ ውስጥ ጥበቃ በሚደረግላቸው ነባር ሰፈሮች ወለሉ በጣም ዝቅ ይላል። 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ዲያሜትሩ ከ7.5 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ዛፍ ሁሉ አስቀድሞ ማሳወቅን ይጠይቃል። ይሄ ማለት ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ ትንሽ ወፈር ያለ ግንድ ነው። ዛፍ ብላችሁ እንኳ ላትጠሩት ትችላላችሁ።

አለካኩ ቀላል ነው። ደንቡ የሚለውን ከፍታ ከመሬት ለክታችሁ ግንዱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በልብስ ሰፊ ሜትር ግንዱን ዙሩት። ሜትሩ ከሌለ ሲባጎም ይሠራል። አዙራችሁ የተገናኘበትን ቦታ በጣታችሁ ያዙና መሬት ላይ ዘርግታችሁ ለኩት። ሲባጎው ሳያዘነብል፣ ዙሪያውን በእኩል ከፍታ መዞሩን እዩ። ግንዱን የወጣበት ሐረግ ካለ ሲባጎውን ከሐረጉ ሥር አሳልፉት፤ የሐረጉ ውፍረት አይቆጠርም። የምትለኩበት ቦታ ላይ እብጠት ካለ ከሱ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ በሉ።

ያገኛችሁትን ዙሪያ ለ3.14 ስታካፍሉት ዲያሜትሩ ይመጣል። ዙሪያው 110 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዲያሜትሩ 35 ገደማ ነው። ሁለቱን አታደባልቁ። ዙሪያው 40 ሴንቲ ሜትር የሆነን ዛፍ «ከ30 በላይ ነው» ብሎ ወር ሙሉ ወረቀት የሚያሯሩጥ ሰው አይጠፋም። የዚያ ዛፍ ዲያሜትር 13 እንኳ አይሞላም። የተገላቢጦሹ ግን ይብሳል፤ ዲያሜትሩን ዙሪያ መስሎት ቆርጦ የሚቀጣም አለ።

ከአንድ ሥር ሁለት ሦስት ግንድ የወጣ ከሆነ ሁሉንም ለየብቻ ለክታችሁ ጻፉ። አንዳንዱ ደንብ ይደምራቸዋል፣ አንዳንዱ ወፍራሙን ብቻ ይወስዳል። ሜትሩ ግንዱ ላይ እንዳለ ፎቶ አንሱ። በኋላ ይጠቅማችኋል።

2. የዛፉን ዓይነት ለዩ

አንዳንድ ዝርያ ቀጭንም ቢሆን የተጠበቀ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ወራሪ ተብሎ ስለተመዘገበ የፈለገውን ያህል ቢወፍር ያለ ጣጣ ይቆረጣል። የፍራፍሬ ዛፎችም በብዙ ቦታ ከደንቡ ውጭ ናቸው። ቅጠሉን ከሁለቱም ወገን፣ ቅርፊቱን፣ አበባና ፍሬ ካለው እሱንም ፎቶ አንሱ። የስልክ መተግበሪያ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ማመልከቻ ላይ የምትጽፉትን ስም የዛፍ ባለሙያ ቢያረጋግጥላችሁ ይሻላል።

3. ዛፉ በርግጥ የእናንተ ነው?

ሰው ሁሉ ቅርንጫፉን ያያል። ባለቤቱን የሚወስነው ግን ግንዱ ከመሬት የሚወጣበት ቦታ ነው። ግንዱ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ከሆነ፣ ቅርንጫፉ በሙሉ እናንተ ጣሪያ ላይ ቢተኛ እንኳ ዛፉ የጎረቤት ነው። ወሰኑ ላይ የቆመ ግንድ በብዙ አገር ሕግ የሁለታችሁ የጋራ ንብረት ነው። ጎረቤታችሁ በጽሑፍ ካልተስማማ አትንኩት። በቃል «ቁረጡት፣ እኔም ሰልችቶኛል» ያለ ጎረቤት ነገ ሊክድ ይችላል።

አጥር የወሰን ማስረጃ አይደለም። ሲታጠር ተገፍቶ ሊሆን ይችላል። የይዞታችሁን ፕላን አውጡና እዩ። በአጥራችሁና በመንገዱ መካከል ያለችው ጠባብ መሬትም ብዙ ጊዜ የአስተዳደሩ ናት። እዚያ ላይ ያለውን ዛፍ እናንተ ስታጠጡት ብትኖሩም የእናንተ አያደርገውም።

ወደ እናንተ የዘለቀ ቅርንጫፍስ? ብዙ ቦታ እስከ ወሰናችሁ ድረስ መቁረጥ ይፈቀዳል። ዛፉ የተጠበቀ ከሆነ ግን ለቅርንጫፉም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሥር መቁረጥም ያው ነው። ወፍራም ሥር ቆርጣችሁ ዛፉ ከደረቀ እንደ መጣል ሊቆጠርባችሁ ይችላል።

4. «ደርቋል» ያላችሁትን ዛፍ ፋቅ አድርጉት

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ቅጠል አልባ ሆኖ የቆመ ዛፍ ነበረኝ። ሞቷል ብዬ ደምድሜ፣ «የደረቀ ዛፍ» ብዬ ማመልከቻውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ሊያየው የመጣው ባለሙያ ምንም አላለም። እርሳስ የምታህል ቅርንጫፍ ያዘና ቅርፊቷን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ አደረጋት። ከሥሯ ያለው ልክ እንደ ተላጠ ኪያር እርጥብ፣ አረንጓዴ ነበር። «ተኝቷል እንጂ አልሞተም» አለኝ። ማመልከቻዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

እናንተም ቀድማችሁ ይህን አድርጉ። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ አትፍረዱ፣ በተለያየ በኩል አምስት ስድስት ቦታ ሞክሩ። ሁሉም ውስጡ ቡናማና ደረቅ ከሆነ፣ ሲታጠፍም ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ ያኔ መጠርጠር ይቻላል። ግንዱ ሥር የበቀለ እንጉዳይ፣ ቅርፊቱ ላይ ያለ ረጅም ስንጥቅ፣ ሲመታ ባዶ በርሜል የሚመስል ድምፅ ካለም ጻፉት። መበስበስን ሊያመለክቱ ይችላሉ።

ይሄ ሁሉ ለምን? ምክንያታችሁ ፈቃዱን ስለሚወስነው። የሞተ፣ የታመመ፣ ሊወድቅ የተቃረበ፣ የቤቱን መሠረት የሚገፋ ዛፍ ሰሚ ያገኛል። «ቅጠሉ ግቢ ያቆሽሻል»፣ «ፀሐይ ከለከለኝ»፣ «ወፍ መኪናዬ ላይ ታራለች» የሚሉት ግን ብዙ ጊዜ አይሳካላቸውም። ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ «ቅርንጫፉን አሳሱት» ነው። እውነት ለመናገር ቢሮዎቹ ብዙውን ጊዜ ትክክል ናቸው። ተመጥኖ የሳሳ ዛፍ ብርሃን ያሳልፋል፣ ንፋስም ያን ያህል አይገፋውም። አናቱን መጎመድ ግን ማሳሳት አይደለም። የተጎመደ ዛፍ ከቁስሉ ይበሰብሳል፤ የሚያወጣቸው አዳዲስ ቅርንጫፎችም በቀላሉ ይገነጠላሉ። በአንዳንድ ቦታ አናት መጎመድ በራሱ ቅጣት አለው።

5. ለሚመለከተው ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ

ጉዳዩ የማዘጋጃ ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ፣ የፓርኮች ወይም የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሊሆን ይችላል። «የግል ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከውፍረትና ከዝርያ ሌላ ሰው የሚረሳቸው ጥያቄዎች አሉ። ቦታው በቅርስነት ወይም በወንዝ ዳርቻነት የተከለለ ነው? ቤቱ ሲሠራ የግንባታ ፈቃዱ ላይ «ይህ ዛፍ ይቆያል» የሚል ግዴታ ገብቶ ነበር? የጋራ መኖሪያ ከሆነ ደግሞ የነዋሪዎች ማኅበሩ የራሱ ደንብ ይኖረዋል፤ የከተማው ፈቃድ ያንን አይሽረውም።

መስኮት ላይ ያገኛችሁት ሠራተኛ «ችግር የለውም፣ ቁረጡት» ቢላችሁ አመስግናችሁ «በኢሜይል ይላኩልኝ» በሉት። ፈቃድ አያስፈልግም መባሉም ወረቀት ይፈልጋል።

6. ማመልከቻውን አስገቡ፣ ጠብቁ

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ የግቢው ንድፍ ከዛፉ ቦታ ጋር፣ ፎቶዎች፣ ልኬት፣ ዝርያ፣ ምክንያት፣ አንዳንዴም የባለሙያ ሪፖርት። ንድፉን ራሳችሁ በእጅ ብትሥሉት ችግር የለውም። ዛፉ ከቤቱና ከአጥሩ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ግን ጻፉ።

የምትቆርጡት ለግንባታ ከሆነ የሚቀሩት ዛፎችም ይቆጠራሉ። በብሪታንያ የግንባታ ደረጃ መሠረት የአንድ ዛፍ ሥር የሚጠበቅበት ራዲየስ የግንዱ ዲያሜትር ሲባዛ በ12 ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ዛፍ ዙሪያውን 3.6 ሜትር ድረስ አይቆፈርበትም፣ አሸዋና ጠጠርም አይከመርበትም።

ጊዜውን ቀድማችሁ አስሉ። ቅድም ባነሳኋቸው የእንግሊዝ ነባር ሰፈሮች የማሳወቂያው ጊዜ 6 ሳምንት ነው። የወፎች መራቢያ ወቅትም ሊያዘገያችሁ ይችላል። የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ አጥር የሚሆኑ ተክሎችንና ቁጥቋጦዎችን ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ከሥር መቁረጥ ይከለክላል። እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ወቅት ባይኖርም ጎጆ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ካለ መጋዙ ይቆይ።

7. ዛፉ ዛሬ ሊወድቅ ከሆነ

ድንገት ያጋደለ፣ ሥሩ አካባቢ አፈሩ የተሰነጠቀና ከፍ ያለ ዛፍ ወረቀት አይጠብቅም። ብዙ ደንቦች ለዚህ በር ከፍተዋል። ሰዎችን አርቁ፣ ከየአቅጣጫው ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ለቢሮው ደውሉ። የሚቆረጠው አደጋ የሆነው ክፍል ብቻ ነው። የበሰበሰውን የግንድ ቁራጭ አትጣሉት፣ ማስረጃችሁ እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ከሆነ ደግሞ ማንም አይጠጋ፤ የመብራት አገልግሎቱን ጥሩ።

8. አሁን ዛፍ ቆራጩን ጥሩ

ፈቃዱ እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው የምትዋዋሉት። ጣሪያ ቢሰበር ወይም ሰው ቢጎዳ የሚከፍል ኢንሹራንስ እንዳለው በወረቀት ያሳያችሁ። «ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ» ካለ ሳታዩት ሥራ አታስጀምሩ፤ በብዙ ቦታ ቅጣቱ ባለቤቱንም ይመለከታል። የሚቆረጠው ግንድ ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩ። ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን ቆሞ የተሳሳተው የተጣለበት ግቢ አይጠፋም። ጉቶው የሚነቀል ከሆነ ከሥሩ የሚያልፍ የውኃ ወይም የጋዝ ቧንቧ መኖሩን ቀድማችሁ አጣሩ።

ሳታውቁ ቆርጣችሁ ከሆነ ጉቶውን ለመደበቅ አትቸኩሉ። ውፍረቱን፣ ዝርያውንና ጤንነቱን የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው። ራሳችሁ ሄዳችሁ አሳውቁ። ቅርፊት ዙሪያውን ልጦ ወይም መርዝ አፍስሶ «በራሱ ደረቀ» ማለት ግን ብዙ ደንቦች ከመቁረጥ እኩል የሚያዩት ጥፋት ነው። ምልክቱም ግንዱ ላይ ይቀራል።

ፈቃዱ ምትክ ትከሉ ካለ ዝርያውን፣ ቁጥሩንና የመትከያ ቀነ ገደቡን አንብቡ። ሽቦ ሥር ወይም ቤቱን አስጠግታችሁ አትትከሉ፣ ከዓመታት በኋላ ይሄንኑ ወረቀት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። አንዳንድ አስተዳደሮች ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ሰው ልከው ያያሉ። ችግኙ ደርቆ ካገኙት እንደገና ያስተክሏችኋል።