የጨው ውሃ መዋኛ ገንዳን እንዴት እንያዝ?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ የጨው ውሃ ገንዳ የምትይዙ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጨው ገባበት ማለት ክሎሪን የለውም ማለት አይደለም፤ ገንዳው ላይ የሚገጠመው ማሽን በኤሌክትሪክ ክሎሪኑን የሚያመርተው ከጨዉ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 3 ግራም ገደማ ጨው ይበቃል፤ 50 ሺህ ሊትር ለሚይዝ ገንዳ 150 ኪሎ መሆኑ ነው። አዮዲን የሌለው ንጹሕ ጨው ይሁን።

ፀሐይ ውሃውን ብታተነውም ጨዉ እዚያው ይቀራል፣ ስለዚህ ሲጎድል ውሃ ብቻ ሙሉ። ክረምት ላይ ግን የጎጃም ዝናብ ገንዳውን ሞልቶ ሲያፈሰው ጨዉም አብሮ ይሄዳል፤ ያኔ ለክታችሁ ጨምሩ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ፒኤች ነው፤ ይኸውም የውሃውን አሲዳማነት የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ ከፍ ሲል አሲዳማነቱ ቀነሰ ማለት ነው። ማሽኑ በሠራ ቁጥር ከፍ ከፍ ይላል። ከ7.2 እስከ 7.6 ያዙት። ካለፈ ክሎሪኑ እያለ ይደክማል፣ የማሽኑ ሳህኖች ላይም ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ማውረጃው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ስትበጠብጡ አሲዱን ውሃው ላይ አፍስሱ እንጂ ውሃውን አሲድ ላይ በፍጹም፣ እባካችሁ!

መብራት ከጠፋ ክሎሪን አይመረትም። ክሎሪኑን ለኩት፤ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ከወረደ ሽታ የሌለው በረኪና ጨምሩና ደግማችሁ ሳትለኩ ሰው አታስገቡ።